ኮሊን አደባባይ ላይ ስቀዳ የቱባው ድምፅ ይጠፋብኛል

በጁን ወር ወደ ቼኳ ኮሊን ከተማ እሄዳለሁ፤ በአቀናባሪው ፍራንቲሼክ ክሞኽ (እ.ኤ.አ. 1848–1912) ስም የሚካሄደውን የማርሽ ባንዶች ፌስቲቫል ለመቅዳት። በእጄ ያለው ሁለት ማይክ የተገጠመለት ትንሽ መቅጃ፣ የንፋስ መከላከያ ስፖንጅና እስከ 2.5 ሜትር የሚረዝም መቆሚያ ነው። ከመድረኩ ሚክሰር ገመድ መሳብ አይቻልም።

ባለፈው በከተማው ካርሎቮ አደባባይ መቅጃውን መጀመሪያ ከባንዱ በ3 ሜትር ርቀት አቆምኩት። የትራምፔት አፍ ቀጥታ ወደ ፊት ስለሚያይ ድምፁ ተሰነጣጠቀ። የመቅጃውን መጠን ዝቅ አድርጌ ከፍተኛውን ከ-12 ዴሲቤል በታች ባደርገውም ሚዛኑ አልተስተካከለም። የቱባና (ትልቁ ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) የባሪቶን (ከቱባ አነስ ያለ ተመሳሳይ መሣሪያ) አፍ ወደ ላይ ስለሆነ ድምፃቸው ሜዳ ላይ ይበተናል። ወደ 20 ሜትር ስሸሽ ደግሞ ከዙሪያው ሕንፃዎች የሚመለሰው ማሚቶ ሁሉንም አደበላለቀው።

በቼክ ባንድ ዜማውን የሚመራው ፍሉገልሆርን (ትራምፔት የሚመስል፣ ድምፁ ለስለስ ያለ መሣሪያ)፣ የሚመልስለት ባሪቶን ነው፤ ይህ ንግግር ከጠፋ ቅጂው ከበሮና ትራምፔት ብቻ ይሆናል። ባንዱ በግማሽ ክብ ተቀምጦ ሲጫወት፣ ፍሉገልሆርን፣ ባሪቶንና ቱባ እኩል እንዲሰሙ መቅጃውን በስንት ሜትር ርቀት፣ በምን ከፍታና በየትኛው ጎን ላቁመው?