የናፍጣ ፎርክሊፍት እንድገም ወይስ ወደ ሊቲየም እንሂድ? (ጎንደር፣ አዘዞ)

የአዘዞው_ስቶርኪፐር፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። አዘዞ አካባቢ መጋዘን ነው የምሰራው፣ ሰሊጥና እህል በጆንያ፣ ቢራና ለስላሳ በፓሌት ይገባል ይወጣል። ያለችን አንዲት አሮጌ ባለ 3 ቶን የናፍጣ ፎርክሊፍት ናት፣ ጠዋት ስትነሳ መጋዘኑ በጭስ ታፍኖ ልጆቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚገቡት፣ ባለፈው አንድ ነጋዴ ጆንያውን አሽትቶ "ይሄ ሰሊጥ ነው ወይስ ማደያ" ብሎ አሳፍሮናል። ናፍጣውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰልፍ ላይ የሚውል ሰው ለብቻው ቀጥረንለታል ማለት ይቻላል። አሁን ባለቤቱ ሌላ ይገዛ ብሎ ሶስት ነገር ቀርቦለታል፣ ሌላ ናፍጣ፣ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ባለ አሲድ ባትሪ (ዋጋው ደህና ነው)፣ እና አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ ባለ ሊቲየም ባትሪ ዋጋው የሚያስደነግጥ። እኔ የምፈራው መብራቱን ነው። የጥምቀት ሰሞን መብራት ሄዶ ቢራው መኪና ላይ ቢያድር ጉድ ነው የሚፈላው። ደግሞ ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው ሲሉ እሰማለሁ፣ የናፍጣው መለዋወጫ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይጠፋ ይሆን? የሰራበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሹካ_ነኝ፦
ወንድሜ እኔ ዱባይ ጀበል አሊ ፎርክሊፍት ስጠግን ነው የኖርኩት፣ ልጅነቴ ግን እዛው ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው። መብራት ይሄዳል ብለህ ከፈራህ መጀመሪያ መሸሽ ያለብህ ያንን ዋጋው ደህና ነው ያልከውን የአሲዱን ነው። የአሲድ ባትሪ 8 ሰዓት አካባቢ ሳይቋረጥ መሞላት ይፈልጋል፣ ከዛም እስኪቀዘቅዝ ሌላ 8 ሰዓት ቢያርፍ ይወዳል። መብራቱ እየመጣ እየሄደ ግማሽ ተሞልቶ ከዋለ ካደረ ፕሌቱ (ውስጡ ያለው የእርሳስ ዝርግ) ላይ ነጭ ነገር ይጋግርና አቅሙ በዛው ይሄዳል፣ አይመለስም። ሊቲየም (ፎርክሊፍት ላይ የሚበዛው የብረት ፎስፌቱ ነው) እንደዛ አይደለም፣ መብራት ባለ ሰዓት ትሰካለህ፣ ምሳ ሰዓት ትሰካለህ፣ ቡና ሲፈላ ትሰካለህ፣ ግማሽ ላይ ብትነቅለውም ምንም አይለውም። ዕድሜውም የአሲዱ ወደ 1,500 ጊዜ ቻርጅ ከሆነ የዚህ እጥፍና ከዛ በላይ ነው።

ውሃውም አለ። 48 ቮልት ማለት 24 ሴል ነው፣ 24 ክዳን እየከፈትክ የተጣራ ውሃ ትጨምራለህ፣ የምትጨምረው ደግሞ ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። አንድ አዲስ ልጅ ማታ ሞልቶ ሰክቶት ሄደ፣ ጠዋት ስንገባ አሲዱ ገንፍሎ ወለሉ ነጭ አረፋ ለብሷል፣ የረገጠው ሰውዬ ጫማ ሶሉ ተላጠ። ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ዝግ ክፍል ውስጥ አይሞላም፣ ሲጋራ ይዞ መቅረብ አይታሰብም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ የአሲዱ ባትሪ ከ1 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ፎርክሊፍቱ ፊት ለፊት የሚያነሳውን ከኋላ የሚይዘው ክብደት እሱ ነው። "አሲዱን አውጥተን ሊቲየም አስገባንበት" የሚል ሻጭ ከመጣብህ የጎደለው ክብደት የት ገባ ብለህ ጠይቀው። ብረት ካልተጨመረበት ሹካው ላይ 2 ቶን ስትጭን የኋላ ጎማው ከመሬት ሊነሳ ይችላል።

አባ_መሪ፦
እኔ ይሄን ነገር የምነዳው እናንተ ሳትወለዱ ነው፣ ልጆቼ ሊቲየም ሊቲየም አትበሉኝ። ናፍጣ ቢበላሽ መፍቻ ይዤ ፒያሳ ወርጄ ሰዓት ሳይሞላ አነሳታለሁ። አንድ የሰራሁበት ቤት ኤሌክትሪክ አመጡ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ጽፋ ቆመች፣ የሚያነበው ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሶስት ሳምንት ፀሐይ ሞቃለች፣ ችግሩ የአውራ ጣት የምታክል ሴንሰር ነበረች። መብራት ከሄደ ደግሞ ጀነሬተር ታስነሳላችሁ፣ ያው ናፍጣው በጓሮ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው 😂 ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ናፍጣዋም ጎንደር ላይ ትለግማለች፣ ሱዳን ጠረፍ መተማ ስሰራባት የነበረችው አይነት ጉልበት እዚህ የላትም። ጭሱንም ሳንባዬ ያውቀዋል።

ቮልት፦
ጋሼ አንቱ ያሉት ልግመት ምክንያት አለው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባለት) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ፐርሰንት ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ እዚህ አንድ አምስተኛው ያህል የለም ማለት ነው፣ መተማ ቆላ ስለሆነ ነው ልዩነቱ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስማ።

ጠያቂው ስለ መለዋወጫ ላነሳኸው፣ የናፍጣ ፎርክሊፍት ነገ የሚጠፋ አይመስለኝም። ካሊፎርኒያ በ2024 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ህግ እንኳን ከ2026 እስከ 2038 እያለ ቀስ በቀስ የሚያስወጣው የጋዝና የቤንዚኑን ነው፣ ናፍጣውን አልነካም። እኛ ጋ በ2016 ዓ.ም. እንዳይገባ የተባለውም የነዳጅ አውቶሞቢል ነው። የሚለወጠው አሰራሩ ነው። እስከዛሬ ፎርክሊፍት የሚነደፈው በዛ ትልቅ የባትሪ ሳጥን ዙሪያ ነበር፣ ሹፌሩም ሳጥኑ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚቀመጠው። አሁን እነ ዩንግሃይንሪክ (የጀርመን ፎርክሊፍት አምራች) ሊቲየሙን ከአካሉ ጋር አዋህደው ሲሰሩት ለእግርና ለእይታ ቦታ ተገኘ። በሃይድሮጅን የሚሰራም አለ፣ አሜሪካ የአማዞንና የዋልማርት መጋዘኖች ይጠቀሙበታል፣ በ3 ደቂቃ ይሞላል፣ የሚገርመው እሱም በድሮው ባትሪ ቦታ ሲገባ ለሚዛን ተብሎ ብረት ይጨመርበታል። ለእኛ ግን በ350 ባር የታመቀ ጋዝ አዘዞ ድረስ ማን ያመጣል፣ እሱን እርሱት። መብራቱ ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ህዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ነው፣ የኛ ጣጣ መስመሩ ላይ ነው።

ሹካ_ነኝ፦
አባ መሪ ስለ ሴንሰሩ እውነት አለዎት፣ እኔም በዚህ አልከራከርም። ሊቲየም የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት "ኮዱን የሚያነብ ባለሙያ ጎንደር ወይ ባህር ዳር አላችሁ ወይ" ብሎ ይጠይቅ፣ ከሌለ መቆጣጠሪያውንና ቻርጀሩን በመጠባበቂያ ይግዛ። ክረምት ላይ ደግሞ ግቢው ጭቃ ከሆነ ውሃ የማያስገባ መሆኑን በጽሁፍ አስፈርሙ።

የአዘዞው_ስቶርኪፐር፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ዛሬ ሄጄ ያገለገለውን አየሁት፣ ሻጩ እያየኝ ክዳኑን አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ ሶስቱ ሴል ደርቀዋል፣ ውስጡ ሹካ_ነኝ እንዳለው ነጭ ጋግሯል፣ ሰውዬው "ውሃ ብቻ ነው የጎደለው" አለኝ፣ ሳቄ መጣ። የሊቲየሙ ሻጭ ጋ ደወልኩ፣ ባለሙያ ባህር ዳር አንድ ሰው አለን ብሏል ስሙንና ስልኩን ላክልኝ ብዬዋለሁ። ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ፣ ቻርጀሩ ስሪ ፌዝ (ባለ ሶስት መስመር መብራት) ነው የሚፈልገው፣ መጋዘናችን ደግሞ ያለው ሲንግል ፌዝ (ባለ አንዱ) ነው። ሰኞ መብራት ኃይል ሄጄ ማመልከቻ ላስገባ ነው፣ ጎንደር ውስጥ በቅርብ ስሪ ፌዝ ያስገባ ሰው ካለ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ይጻፍልኝ።

አባ_መሪ፦
ማመልከቻውን ዛሬ አስገባ፣ ሰኞ አትበል። የናፍጣዋንም እስከዛ አትሽጣት።