ባለ 50 ፊልሙ ሳጥን ይገዛ ወይስ ይቅር? የጅማ ሰብሳቢዎች ክርክር

ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በሚኖሩበት የጅማ ሰፈር ስም ነው።

የሕርማታው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አስቸግረን ያስመጣነው ባለ 50 ፊልም ሳጥን እጄ ገብቷል። 50ው ፊልም በ12 ዲቪዲ ነው የተጨመቀው፤ ሁሉም ዲስኮች በሁለቱም ፊት የሚነበቡ ናቸው። ሳጥኑ ስስ ካርቶን ነው፣ እያንዳንዱ ዲስክ ደግሞ በወረቀት ፖስታ ገብቷል። ትናንት ማታ አንድ በአንድ እያወጣሁ መብራት ስር አየኋቸው። ሦስቱ ላይ ከፖስታው አፍ የመጣ ረጅም ጭረት አለ። በሌላ አንድ ላይ የፖስታው ሙጫ ተላልፎ ደርቋል፤ ዴኩ ጭራሽ አላነበበውም። ከተጫሩት አንዱ ፊልሙ መሀል ሲደርስ ምስሉ ይሰባበርና ይቆማል።

በሚቀጥለው ወር በጋራ ገንዘባችን ሌላ ዙር ልናስመጣ ነው። እንዲህ የታሸገውን ርካሽ ሳጥን እንግዛ ወይስ ከዝርዝራችን እናውጣው? እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። ርካሽ ነው ማለት ሲታሸግ የተበላሸ ዕቃ ይሸጥልኝ ማለት አይደለም። ዕቃው የተበላሸ ሆኖ ሲገኝ ከጅማ ወዴት እመልሰዋለሁ? የመመለሻው ወጪ ከሳጥኑ ዋጋ ይበልጣል።

የጂሬኑ፦ ወንድሜ፣ በዲስኮቹ አዝኛለሁ፤ ይውጣ በሚለው ግን አልስማማም። እስቲ መጀመሪያ እነዚህ ሳጥኖች ለምን እንደረከሱ እንይ። ውስጣቸው ያሉት አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብታቸው ያበቃ ወይም ከጅምሩ ያልተጠበቀ ፊልሞች ናቸው። ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድን ውሰድ። በ1968 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሊወጣ ሲል ርዕሱ ተቀየረ፤ በአዲሱ ርዕስ ላይ ግን የመብት ማስታወቂያው ሳይጻፍ ቀረ። የዚያን ጊዜ ሕጋቸው ማስታወቂያ ለሌለው ሥራ ጥበቃ ስለማይሰጥ ፊልሙ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ማንም ሊያትመው ስለሚችል አሳታሚው የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ነው፤ ዋጋው የሚቀነሰው ደግሞ ከማሸጊያው ነው።

ሌላም አለ። አንድ መደበኛ የዲቪዲ ኬዝ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። 12 ዲስክ በ12 ኬዝ ቢመጣ 168 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የአንተ ሳጥን ከሦስት ጣት አይበልጥም። ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ለእኛ ቦታ የሰጠን ስስ ስለሆነ ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ሳጥኑ ጅማ አይገባም ነበር። አራቱ ዲስክ ቢበላሽ ስምንቱ ላይ ከ30 በላይ ፊልም አለህ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን ለብቻ የሚያወጣቸው አይገኝም።

የመንቲናው፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ሁሉም በፍላሽ አይገኝም እንዴ? ለምን እንዲህ ትደክማላችሁ?

የቆጪዋ፦ የኔ ወንድም፣ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ፍላሽ ይበቃዋል። እኛ ግን እያስቀመጥን ነው። ፍላሽ ሲሞት የያዘውን ሁሉ ይዞ ይሞታል፤ ከ12 ዲስክ አንዱ ሲሞት 11ዱ ይተርፋል።

ወደ ነገራችን ልመለስ። ቪዲዮ ቤት ዘመናቸው ሳያልፍ እኔ አንዱ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ያኔ የሀገራችን ፊልም በቪሲዲ ሁለት ሁለት ዲስክ ሆኖ ነበር የሚመጣው፤ አንድ ቪሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ነውና ፊልሙ ለሁለት ይከፈላል። እነዚያን ዲስኮች ማን ገደላቸው ብትሉኝ ወረቀት ነው አልልም። የበዙትን የገደላቸው ላስቲክ ነው። ያ ለስላሳው፣ የሚሸተው የፒቪሲ ላስቲክ ፖስታ ጊዜ ሲያልፍ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ስትላቅቁት ደመና የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ብትጠርጉትም አይለቅም። ወረቀት ውስጥ የቆዩት ግን ብዙዎቹ ደህና ነበሩ።

አንድ ነገር እንለይ። ቪሲዲ የሲዲ ወንድም ነው፤ መረጃው የተቀመጠው ከላይ፣ ከጽሑፉ ስር ባለው ስስ ቀለም ሥር ነው። ስለዚህ የሚጎዳው ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ሲጫር ነው። ዲቪዲ ግን እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ሳህኖች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ መረጃው መሀል ላይ ተቀብሯል። ዲቪዲ ከላይ ቢጫር ምንም አይደለም። ባለ ሁለት ፊቱ ዲቪዲ ግን ጭንቅ ነው። ላይ የሚባል ጀርባ የለውም፣ የትኛውም ፊት ላይ ጣት አይነካም፣ ርዕሱም የተጻፈው መሀል ቀዳዳው ዙሪያ ባለችው ጠባብ ቀለበት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ጠባብ ፖስታ ውስጥ ሲከቱት ስቦ የሚያወጣው ሰው በሁለቱም ፊት ይጭረዋል። ጥፋቱ የወረቀቱ ብቻ ሳይሆን የዲስኩና የፖስታው አለመጣጣም ነው።

የሕርማታው፦ እህቴ፣ ይህን ነው ለመናገር የቸገረኝ። የእኔ ጭረቶች በሙሉ ከመሀል ወደ ዳር የሚሄዱ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሲወጣ ሲገባ የመጡ።

የቆጪዋ፦ ከመሀል ወደ ዳር ከሆነ ተስፋ አለው። ዴኩ የሚያነበው ዙሪያውን ነው፤ ቀጥ ያለውን ጭረት በአንድ ዙር አንዴ ብቻ አቋርጦት ያልፋል። ዙሪያውን ተከትሎ የተጫረ ነው የሚገድል። ጥጥ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ አርጥቢና ከመሀል ወደ ውጭ ጥረጊ እያልኩ ለስንት ደንበኛ ተናግሬያለሁ። አንተም ሞክረውና ንገረን።

የፈረንጅ አራዳው ጋሼ፦ ልጆቼ፣ ስለ ጭረቱ ከእናንተ በላይ አላውቅም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሳጥኑ ጀርባ ላይ ፊልሙ የወጣበት ዓመት ተሳስቶ ይጻፋል፣ የደቂቃው ርዝመት ተሳስቶ ይጻፋል፣ የየትኛው ዲስክ የትኛው ፊት ላይ ምን እንዳለ ለማግኘት መነጽር አድርጌ ግማሽ ሰዓት እፈልጋለሁ። ማሸጊያ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለውን የሚነግረን እሱ ነው። እዚህ ላይ ተንኮል ቢኖር ባይኖርም ቸልተኝነት ግን አለ። ትክክለኛ ዓመት ለመጻፍ ተጨማሪ ቀለም አይፈጅም።

ጂሬን ያለኸው ልጄ ደግሞ፣ የጠቀስከው ፊልም በፈረንጆቹ 2018 ክራይቴሪየን በተባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ ታድሶ በደንብ ታትሟል። ስለዚህ ለታወቁት ፊልሞች የተሻለ አማራጭ አለ፤ ለእነሱ ሲባል ይህን ሳጥን አንግዛ። ሳጥኑ የሚያስፈልገን ለማይታወቁት ነው።

የጂሬኑ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ እቀበላለሁ። በምሳሌዬ ተሸንፌያለሁ፤ በነገሩ ግን አልተሸነፍኩም። የማይታወቁት 40ዎቹ ናቸው የእኔ ጉዳይ።

የአጂፑ፦ እኔ የምሠራው ሰነድ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ከዚያ ልንካው። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በፈረንጆቹ 2003 ስለ ሲዲና ዲቪዲ አያያዝ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ዲስኩ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጥ፣ ሙቀቱ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የአየሩ እርጥበት ከ20 እስከ 50 በመቶ ይሁን ይላል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ኬዙ ውስጥ ያለው ወረቀትና ቡክሌት ይውጣ ይላል፤ ወረቀት እርጥበት ስቦ ዲስኩ አጠገብ ስለሚይዘው ነው።

አሁን ይህን ወደ ጅማ አምጡት። ሙቀቱ ብዙ አይርቅም፤ ከተማችን ከፍታ ላይ ናት። እርጥበቱ ግን? ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ይዘንብብናል። ሐምሌ ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሲሻግት ያላየ አለ? ቡክሌት ይውጣ እያለ የሚመክር መመሪያ ዲስኩን ራሱን ወረቀት ለብሶ ቢያይ ምን ይል ይሆን? ደረቅ አገር ላይ ያ ፖስታ ምንም ላይሆን ይችላል። እዚህ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ወረቀቱ ይረጥባል፣ ሙጫውም ይለሰልሳል። የሕርማታው ወንድማችን ዲስክ ላይ ሙጫ የተላለፈው እዚህ ይሁን መንገድ ላይ ባላውቅም፣ እዚህ ከቆየ ሌሎቹም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ይህን የምለው ሳጥኑን ለመኮነን አይደለም። ቡና ገበሬ ጆንያ ይመርጣል እንጂ የታፈነ ከረጢት አይመርጥም፤ ምክንያቱም የእኛን አየር ያውቃል። እኛም ለዲስኮቻችን እንዲሁ ማሰብ አለብን።

የጂሬኑ፦ እሺ፣ ታዲያ ችግሩ ሲገዛ ሳይሆን ሲቀመጥ ነው ማለትህ ነው። ሳጥኑ በመጣ ቀን ዲስኮቹን አውጥቶ ወደ ኬዝ ማዛወር። ካርቶኑ ለብቻው ይቀመጥ። አለቀ።

የቆጪዋ፦ ኬዝም ስትል አስተውል። አንዳንዱ ርካሽ ኬዝ የመሀል ጥርሱ በጣም ጠባብ ነው፤ ዲስኩን ስትነቅለው እንደ ቀስት ይጎብጣል። የዲስኩ ቀዳዳ 15 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ ጫፍ የምትጀምር ቀጭን ስንጥቅ ወደ ውጭ ትሮጣለች። ጭረት ይጠረጋል፣ ስንጥቅ አይጠገንም። አራት ዲስክ በአንድ እንዝርት ላይ ደራርበው የሚሸጡትማ ከወረቀትም ይብሳሉ፤ አራተኛውን ለማየት ሦስቱን ታነሣለህ፣ ባነሣህ ቁጥር እርስ በርስ ይፋተጋሉ። እንዲያውም ከእንዝርቱ ይልቅ ሰፋ ያለ ፖስታ እመርጣለሁ።

የሕርማታው፦ የማዛወሩን ነገር አስቤዋለሁ። ግን እኮ 12 ኬዝ ስንገዛ ሳጥኑ ርካሽ መሆኑ ይቀራል። ጂሬን ያለው ወንድሜ ወደ ኬዝ ይዛወር ሲል የኬዙን ዋጋ አልደመረም። እሱ ሲገባ ሂሳቡ ይለወጣል። አሳታሚው ከማሸጊያው የቆጠበውን እኔ ነኝ የምከፍለው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። 50 ፊልም በ24 ፊት ላይ ነው፤ በአንድ ፊት ሁለት ፊልም ያህል መሆኑ ነው። አንድ ፊት በአንድ ንብርብር የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነውና ሁለት ፊልም ሲጠቀጠቅበት ምስሉም ይደበዝዛል። ወረቀቱንም ምስሉንም ያመጣው ያው ቁጠባ ነው።

የጂሬኑ፦ ስለ ሂሳቡ እውነትህን ነው፤ ኬዙን መደመር ነበረብኝ። ቢደመርም ግን ለእኔ ያዋጣል። የደበዘዘ ምስልም ከምንም ይሻላል፤ አባቴ ከሚሰነጣጠቅ የቪዲዮ ካሴት ነው ፊልም መውደድ ያስተማረኝ።

የፈረንጅ አራዳው ጋሼ፦ እንግዲህ ሁለታችሁም አትለቁም። እኔ የምለው ዝርዝሩን ለሁለት እንክፈለው። ባለ አንድ ፊት ዲስክ ያላቸው ሳጥኖች፣ ፖስታቸው ወረቀትም ቢሆን፣ ይግቡ፤ ሲደርሱ ይዛወራሉ። ባለ ሁለት ፊት ሆኖ ወረቀት የለበሰ ግን የሚፈልገው ሰው በራሱ ገንዘብ ያስመጣ እንጂ ከጋራው አይውጣ።

የአጂፑ፦ እስማማለሁ። ለማዛወሪያም የፖሊፕሮፒሊን (ዲስክ ላይ የማይጣበቅ የላስቲክ ዓይነት) ኪስ ያለው ማህደር እንፈልግ፤ ፒቪሲ እንዳይሆን የሚገዛው ሰው ያሽትተው። ማህደሩም ቆሞ ይቀመጥ፤ አጋድመን ከደራረብንበት ክብደቱ ያርፍባቸዋል።

የጂሬኑ፦ እኔ አልተስማማሁም፣ ግን በጋራው ገንዘብ ላይ ብቻዬን አልቆምም። ባለ ሁለት ፊቱን በግሌ አስመጣለሁ። ማየት የሚፈልግ ቤቴ ይምጣ።

የሕርማታው፦ ከጋራው ይውጣ ከተባለ እኔም ይበቃኛል። እህቴ እንዳለችው አንዱን በውሃ ጠርጌዋለሁ፤ ከቆመበት አልፎ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሁለቱን ዛሬ ማታ እሞክራለሁ። ሙጫ ያለበት ግን አሁንም አልተነበበም፤ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ፣ የቆጪዋ እዩልኝ።