በዝግጅት መሃል መብራቱን አጠፋሁት፣ እናንተ በላፕቶፕ እንዴት ነው የምትሠሩት?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ለሠርግና ለባህል ዝግጅት የመድረክ መብራት እሠራለሁ። 12 ፓር (ባለበት የሚያበራ መብራት) እና 4 ሙቪንግ ሄድ (ራሱ የሚዞር መብራት) አሉኝ፣ ሁሉንም ከላፕቶፕ ኪውኤልሲ ፕላስ በሚባለው የመብራት ፕሮግራም ነው የማዛቸው። ቤት ቁጭ ብዬ ስሞክረው ሸጋ ነው። መድረክ ላይ ግን እጄ ይተሳሰራል። ባለፈው ቅዳሜ ዘፋኟ በአምባሰል ቀስ ብላ ገባች፣ እኔም መድረኩን ሰማያዊ አድርጌ ዘና ብያለሁ፣ ከዚያ ባንዱ ድንገት ወደ ጭፈራ ሲገለብጠው ቶሎ ቀይ ላድርግ ብዬ ማውሱን ስጎትት ላይ ጥግ ያለችውን ብላክአውት፣ ሁሉንም መብራት የምታጠፋውን ቁልፍ፣ ነካኋት። ድቅድቅ አለ። ሰው መብራት ሄደ ብሎ ስልኩን አበራ፣ አንዱ እንዲያውም ጄኔሬተር ሊያስነሳ ሮጦ ወጣ። እሷ ግን አላቋረጠችም፣ ዕድሜ ይስጣት። ፕሮግራሙን ልቀይር ወይስ ችግሩ እኔው ነኝ?

የኮምቦልቻው፦
አብሽር፣ ያልደረሰበት የለም። ፕሮግራሙን አትቀይር፣ ማውሱን ተው። ቨርቹዋል ኮንሶሉ፣ የራስህን ቁልፎች የምትደረድርበት ገጽ፣ ላይ ለምትፈልገው ቀለም ሁሉ ቁልፍ ሥራና ለእያንዳንዱ የኪቦርድ ፊደል ስጠው። ቀለሞቹን ደግሞ ሶሎ ፍሬም በሚባለው ሳጥን ውስጥ ክተታቸው፣ ቀዩን ስትጫን ሰማያዊው ራሱ ይጠፋል፣ ማጥፋቱን አንተ አታስብም። ዋናው ግን ኪዮስክ የሚባለው አከፋፈት ነው። ፕሮግራሙን ስታስነሳ ማስነሻ ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ኬ (-k) ጨምርበት፣ ቨርቹዋል ኮንሶሉ ብቻ ይታያል፣ ኦፕሬት ላይም ይቆለፋል፣ ማለትም መሥራት እንጂ ማስተካከል አይቻልም። ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ጉድ አትኖርም። ጥቁር ካስፈለገህ የራስህን ቁልፍ ራቅ አድርገህ ትሠራለህ።

192፦
እኔ ላፕቶፕ አላምንም። ማታ 4 ሰዓት ሙሽሮቹ ሲገቡ አፕዴት ላድርግ ብሎ የተዘጋብኝ ቀን ሸጥኩት። ባለ 192 ቻናሏ ትንሿ ሚክሰር መሳይ የመብራት መቆጣጠሪያ ትበቃለች፣ 12 መብራት እያንዳንዱ እስከ 16 ቻናል ትይዛለች፣ ፌደሩን (ተንሸራታቹን ቁልፍ) ሳላይ በጣቴ አገኘዋለሁ። ስክሪን ላይ ያለ ቁልፍ ግን ካላየኸው የለም።

የኮምቦልቻው፦
በጣቱ ነገር እውነትህን ነው። ግን እዚህ አገር መብራት ሲሄድ ያቺ ሚክሰር አብራ ትሞታለች፣ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ጄኔሬተር እስኪነሳ ጠብቆ ካቆምክበት ይቀጥላል። ደግሞ ፌደር ከፈለግክ ያገለገለ ሚዲ ኪቦርድ (ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የሙዚቃ ኪቦርድ) ባለ ፌደሩን ፈልግ፣ ያው ፕሮግራም ይቀበለዋል። አፕዴቱን ደግሞ ኢንተርኔት ሳታገናኝ ና፣ አለቀ።

ጦሳ ሥር ሆይ፣ ላፕቶፑን ከመብራቶቹ የሚያገናኘው የዩኤስቢ ገመድህ የራሱ ፕሮሰሰር አለው? ርካሹ ከሆነ የዲኤምኤክሱን፣ ለመብራቶቹ ትእዛዝ የሚያደርሰውን ሲግናል፣ ጊዜ የሚጠብቀው ኮምፒውተሩ ነው፣ ሌላ ነገር ሲበዛበት መብራቱ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻው መብራት ላይም 120 ኦም ተርሚኔተር (የመስመሩን ጫፍ የሚዘጋ መሰኪያ) ሰካ፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳና ፕሮግራሙን ይረግማል።

ጦሳ ሥር፦
ገመዴ ርካሹ ነው፣ ለካ እሱ ነው የሚያርገበግብብኝ! ኪዮስኩን ሞከርኩት፣ ትናንት አንድ ሠርግ በሙሉ ማውስ ሳልነካ ወጣሁ። በጨለማ ፊደሉ ስለማይታየኝ ቀዩ ቁልፍ ላይ አንድ ምስር በሙጫ ለጠፍኩ፣ ሰማያዊው ላይ ሁለት። እናቴ ወጥ ሊሠራ ነው ወይ አለችኝ። አሁን የቀረኝ ቼዙ፣ መብራቱን በራሱ በተራ የሚያፈራርቀው፣ ነው፣ ከበሮው ሲፈጥን መብራቱ ይቀድመዋል ወይ ይቀራል።

192፦
ሁለት ምስር! እኔም ልሰርቅህ ነው።

የኮምቦልቻው፦
ስፒድ ዳያል (የፍጥነት ማስተካከያ) ጨምርና ታፕ የሚለውን ቁልፍ ከከበሮው ጋር እየመታህ አስተካክለው። ግን ለጭፈራ ብዙ አትመነው፣ ከበሮ መቺው ሞቅ ሲለው ፍጥነቱን ይለውጠዋል። እኔ የቼዙን ነገር ትቼ ቀይና ቢጫውን በሁለት ጣት ነው የምመታው። ለታፑም ሦስት ምስር ለጥፍለት።