ላፕቶፕ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ምን ምን ይወጣል? ወደ ዲ ማሻገር ይበቃል?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሱቅ ላፕቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 10፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ በሲ እና በዲ የተከፈለ። በጣም ስለከበደ ፎርማት ይደረግ ተብሏል። ባለሙያው «የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው፣ ፋይልሽን ወደ ዲ አሻግሪው» ብሎኛል። ውስጡ የ3 ዓመት የፒችትሪ ሒሳብ፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ውሎችና ደብዳቤዎች፣ ፎቶና ቪዲዮ አለ፤ ተደምሮ 110 ጊጋ ገደማ። እጄ ላይ ያለው ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ብቻ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ስለምዘጋ ፒችትሪው እንዲጠፋ በፍጹም አልፈልግም። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ካለው ሌላ ምን ማውጣት አለብኝ?

ከዚራ ፒሲ፦
አይበቃም እህቴ። ሲ እና ዲ አንድ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የሚመጣው ዝርዝር ደግሞ ሲ፣ ዲ አይልም፤ «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 2፣ ፓርቲሽን 3» እያለ በቁጥርና በመጠን ነው የሚያሳየው። መጠናቸው ከተቀራረበ አንድ የተሳሳተ ክሊክ ዲን ይዞት ይሄዳል። የከበደው ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ስለሆነም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ዛሬውኑ ኮፒ ማድረግ ጀምሪ፣ ፎርማቱ ይቆይ።

ባለ 500 ጊጋ ወይም 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ (በዩኤስቢ ከውጭ የሚሰካ) ያስፈልግሻል። ታይዋን ገበያ ወርደሽ ስትገዢ በርካሽ «2 ቴራ» የሚባል ፍላሽ እንዳያታልልሽ። አንዳንዱ ውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋ ሆኖ የሚያሳየው ቁጥር ብቻ የተቀየረ ነው። ኮፒው ያለ ስህተት ያልቃል፣ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው።

ያለሽን ፍላሽ ለፒችትሪውና ለደብዳቤዎቹ ሁለተኛ ቅጂ አድርጊው። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ብዙውን ጊዜ ፋት 32 በሚባል የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ስለሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካለሽ ምክንያቱ ይኼ ነው።

ፒችትሪውን ፎልደሩን ብቻ ኮፒ አድርገሽ አትተዪው። ድርጅቱን ክፈቺ፣ በኔትወርክ የገባ ሌላ ሰው ካለ ይውጣ፣ ከዚያ ፋይል ውስጥ ገብተሽ ባክ አፕ በዪ። መጨረሻው ፒቲቢ የሆነ አንድ ፋይል ይወጣልሻል። ከአንድ በላይ ድርጅት ካለሽ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የፒችትሪውን ቨርዥንና ሲሪያል ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ከአዲስ ቨርዥን የወጣ ባክ አፕ አሮጌው ላይ አይመለስም።

የጀጎል ሰው፦
ስለ ፓወር ግዕዙ ልጨምር። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ባልሆኑት አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ፊደላት ኮድ ነው፤ የግዕዝ ቅርፅ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ከፎርማት በኋላ ፎንቱ ከሌለ ውሉ የተዘበራረቀ እንግሊዝኛ መስሎ ይከፈታል፤ ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት መቀየርም አያድነውም። ስለዚህ ደብዳቤውን ወርድ ላይ ክፈቺ፣ ጽሑፉን ምረጪና የፎንቱን ስም እዪ። «ዩኒኮድ» የሚል ከሌለበት፣ ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ ገብተሽ ያንን ፎንት አብረሽ ኮፒ አድርጊ።

ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር አትርሺ። የክሮም ቡክማርክም ኤክስፖርት ይደረጋል። ድራይቮቹ ላይ የቁልፍ ምልክት ካየሽ ቢትሎከር (ድራይቩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቷል ማለት ነው፤ ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ሳትይዢ ፎርማት ከተደረገ ዲ ሳይነካ እንኳ አይከፈትልሽም።

የሳቢያኗ፦
አቦ ተባረኩ! ፎንቱን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። 110 ጊጋ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ከዚራ ፒሲ፦
በዩኤስቢ 2 በሴኮንድ 30 ሜጋ ገደማ ነው፤ 1 ሰዓት ያህል በዪው፣ ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ከዚያም ይረዝማል። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ሰማያዊው ቀዳዳ ዩኤስቢ 3 ስለሆነ እሱ ላይ ሰኪው። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከሁሉም በላይ ኮፒ እንጂ ከት አታድርጊ። መሃል ላይ ከተቋረጠ የመጨረሻውን ፎልደር ከኤክስተርናሉ ላይ አጥፍተሽ እንደገና ኮፒ አድርጊ፤ «ስኪፕ» ካልሽ በግማሽ የቀረው ፋይል እንደተሟላ ታልፎ ይቀራል። በድሬ ሙቀት ኤክስተርናሉን ላፕቶፑ ላይ አትደርቢው፣ ቬንቲሌተር የሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ሲያልቅ በሁለቱም በኩል ፕሮፐርቲስ ገብተሽ የፋይሉን ብዛት አስተያዪ። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ፋይል ክፈቺ፤ ፒቲቢውንም ያው ቨርዥን ያለበት ማሽን ላይ ሪስቶር አድርገሽ የመጨረሻውን ደረሰኝ ፈልጊ። ከተገኘ ኤክስተርናሉን ነቅለሽ ቤት አስቀምጪና ላፕቶፑን ብቻ ለባለሙያው ስጪው።