ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝን ዘፈን ማጫወቻዋ አላይም አለች፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። አባቴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው በዘፈን ነው። ቴፑ ስለተበላሸበት የድሮ ካሴቶቹን በሰው ቴፕ እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር ቀዳኋቸው። ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ አንዷንም ግን አልዘለልኩም።

መጀመሪያ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ ስለቀዳኋቸው የ60 ደቂቃው ካሴት ብቻውን 600 ሜጋባይት ገደማ በላ። ድምፁን ጨምቆ ወደሚያሳንሰው ኤምፒስሪ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ስለውጠው ወደ 60 ሜጋባይት ወረደልኝ። 8 ጊጋባይት ለምትይዘው ትንሽ ማጫወቻ ይህ በቂ ነው።

ከዚያ ውስጧን ላጽዳ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ፎርማት አደረግኋት። ስህተቴ እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ከፋይል አደራደር ዓይነቶቹ የመረጥኩት ኤንቲኤፍኤስ የሚለውን ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ያሳየኛል፤ ገመዱን ነቅዬ ስከፍታት ግን ምንም ፋይል የለም ትላለች። ከዚያ በፊት ቢያንስ ታጫውት ነበር፤ የአማርኛ ርዕሶቹን ብቻ በባዶ ሳጥኖች ትተካቸው ነበር።

ወደ ሌላው የአደራደር ዓይነት፣ ወደ ፋት32 ብመልሳት ታነባቸዋለች? አባቴ ከየትኛው ትዝታ ቀጥሎ የትኛው ባቲ እንደሚመጣ በቃሉ ያውቃል። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባበት የፋይሎቹን ስም በ01፣ በ02 ብጀምር ይበቃል? ወይስ በተራቸው አንድ በአንድ ልገልብጣቸው?

ዛሬ ማታም አዝራሯን በጣቱ እየዳበሰ «ደረሰልኝ?» አለኝ። ዋናው ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ማጫወቻዋን እንደገና ለማጽዳት አልፈራም።