የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት፦ የሌሊት ነፍሳት ፍልሰት በራዳርና በነፋስ ሞዴል

አስተባባሪ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ከተዘረዘሩት ዓላማዎች አንዱን ብቻ ይዤ ሌሎቹን ትቻለሁ። ሌሊት የሚፈልሱ ነፍሳት በስንት ሜትር ከፍታ ይበራሉ? የአየር ሁኔታ ሞዴሉ በዚያ ከፍታ የሚሰጠን ነፋስስ ልክ ነው? መነሻቸውን ስንፈልግ የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ 8 ሰዓት የተጓዘ የእሳት እራት 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ300 እና በ800 ሜትር መካከል የነፋሱ አቅጣጫ በ20 ዲግሪ ከተለያየ፣ ከፍታውን መሳት ብቻውን መነሻውን 150 ኪሎ ሜትር ያዛንፈዋል።

ራዳር ቡድን፦ ጥያቄው ይሁን። ክፍል 3 ላይ ግን ከፍታውን በአየር ሁኔታ ራዳር እንለካለን የሚለው ይውጣ። በ0.5 ዲግሪ የተላከ ጨረር 50 ኪሎ ሜትር ላይ ማዕከሉ 580 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ 100 ኪሎ ሜትር ላይ 1460። የ1 ዲግሪ ጨረር ስፋቱ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ላይ 870 ሜትር ነው። በ200 ሜትር የተሰበሰበ ቀጭን የነፍሳት ንብርብር እዚያ ውስጥ ይሟሟል፤ ራቅ ካለ ከናካቴው ከጨረሩ ሥር ያልፋል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያይ አንድ የኤክስ ባንድ (3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሞገድ ያለው) ራዳር ይጨመር። በእንግሊዝ የሮታምስቴድ የግብርና ምርምር ተቋም የሠሩበት ዓይነት ከ150 እስከ 1200 ሜትር በእርከን ከፋፍሎ፣ ከ10 ሚሊግራም በላይ የሚመዝኑትን አንድ በአንድ ይለያል፤ የሰውነት አቅጣጫና ግምታዊ ክብደትም ይሰጣል። ከ10 ሚሊግራም በታች ያሉት አይታዩትም። በደቡብ እንግሊዝ ሰማይ በዓመት 3.5 ትሪሊዮን ገደማ ያልፋሉ የተባሉት ነፍሳት አብዛኞቹ ጥቃቅኖች ናቸው፤ የተገመቱትም 200 ሜትር ላይ በፊኛ በተሰቀለ መረብ ነበር። መረቡን ከበጀቱ እንዳትሰርዙት።

መረጃ ቡድን፦ ያም ሆኖ ሰፊውን አካባቢ የሚያሳየን የአየር ሁኔታ ራዳሩ ነው። የራዳሩን መረጃ በምንጠይቅበት ደብዳቤ ላይ «ያልተጣራ» የሚለው ቃል ይግባ፤ ለትንበያ የሚዘጋጀው ምርት ዝናብ ያልሆነውን ጠርጎ ስለሚጥል እኛ የምንፈልገው የተጣለውን ነው። ራዳሩ ባለ ድርብ ፖላራይዜሽን (አግድምና ቁም ሞገድ የሚልክ) ከሆነ፣ የአግድምና የቁም ማሚቶው ዝምድና ከ0.95 በላይ የሆነውን ዝናብ ብለን እናወጣለን። (በረዶ በሚቀልጥበት ንብርብርም ዝምድናው ከ0.95 በታች ስለሚወርድ፣ እሱ በዓይን ይታይ።) ወፎች በራሳቸው ክንፍ ከነፍሳት ስለሚፈጥኑ፣ ራዳሩ ከሚለካው የበራሪዎቹ ፍጥነት (ዶፕለር) የሞዴሉን ነፋስ ቀንሰን፣ በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ የተረፈውን በመጣል እንለያለን።

ሞዴል ቡድን፦ የመጨረሻው አይሆንም። ልንፈትን የተነሳነው የሞዴሉን ነፋስ ነው፤ በዚያው ነፋስ ወፍ ከለየን የሞዴሉ ስህተት ሁሉ ወፍ እየተባለ ይጣላል። ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ይብሳል፦ መሬቱ ቀዝቅዞ አየሩ ሲረጋ ከላዩ ፈጣን ነፋስ ይፈጠራል፣ ነፍሳቱም ብዙ ጊዜ እዚያ ይከማቻሉ። ሞዴሎች ግን የረጋውን አየር ከመጠን በላይ ያማስሉታል፤ ፈጣኑ ነፋስ ተዳክሞ ይወጣል። ኢአርኤ5 የተባለው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሞዴል መረጃ በየሰዓቱ ቢሆንም የፍርግርጉ ስፋት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሸለቆና ሸንተረር ያመልጠዋል። ወፍ መለያው ነፋስ ከሬዲዮሶንዴ (በፊኛ ከሚለቀቅ የአየር መለኪያ) ይምጣ።

ነፍሳቱ የመጡበትን የኋሊት መስመር በሃይስፕሊት (የአየር ጉዞ ማስሊያ ፕሮግራም) በየ100 ሜትሩ ከፍታ እንጀምር፤ ለየከፍታው ራዳሩ በቆጠረው ልክ ክብደት ይሰጠው። መስመሩ ምሽት ላይ፣ ነፍሳቱ በተነሱበት ሰዓት ይቁም። ለእሳት እራት በሰውነቷ አቅጣጫ በሰከንድ 4 ሜትር ይደመር፤ ለክሽክሽ ምንም አይደመር።

መረጃ ቡድን፦ ተቀብለናል። ሶንዴ ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ ብቻ ስለሚለቀቅ፣ ንጽጽሩ ከለቀቃው አንድ ሰዓት በፊትና በኋላ ይወሰን። ናሙናው ይቀንሳል፣ ምን ይደረግ።

ራዳር ቡድን፦ ከሲ ባንድ (5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሞገድ ካለው) የአየር ሁኔታ ራዳር የነፍሳት ብዛት እንሰጣለን የሚለውም ይታረም። በ5.3 ሴንቲ ሜትር ሞገድ 0 ዲቢዜድ (የራዳር ማሚቶ ጥንካሬ መለኪያ) ማለት በኪዩቢክ ኪሎ ሜትር 360 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነጸብራቅ ነው። የአንዱ ነፍሳት ነጸብራቅ 0.1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ በኪዩቢክ ኪሎ ሜትሩ 3600 ናቸው፤ 1 ከሆነ 360። መጠናቸውን ሳናውቅ ቁጥር መጻፍ ግምትን እንደ ልኬት ማቅረብ ነው።

አስተባባሪ፦ ክፍል 3ን በዚህ መሠረት እጽፈዋለሁ። የቀረው የፊኛው ፈቃድ ነው። የአቪዬሽን ባለሥልጣን የማስጠንቀቂያ መብራት ካዘዘ መብራቱ ራሱ ነፍሳት ሊስብ ይችላል፤ መረቡ ከፊኛው ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚሰቀል ራዳር ቡድኑ ከሥዕሉ ጋር ይላክልኝ።