በጣሊያንኛ ለ«ግራትስዬ» (አመሰግናለሁ) መልሱ «ፊጉራቲ» ነው ወይስ «ሲ ፊጉሪ»?

ጠያቂ (ከቦሎኛ)፦
ቦሎኛ ውስጥ አንዲት የ84 ዓመት እናት ስንከባከብ አራት ወር ሆነኝ። እርሳቸውን ባመሰገንኩ ቁጥር «ፊጉራቲ» ስለሚሉኝ፣ የ«ግራትስዬ» መልስ ይህ ነው ብዬ ያዝኩት። ባለፈው ሳምንት ሊያዩአቸው ለመጡት ሐኪም ካፖርታቸውን ሳቀብላቸው አመሰገኑኝና «ፊጉራቲ» ብዬ መለስኩላቸው። እርሳቸው ፈገግ ብለው አለፉት፤ የአሮጊቷ ልጅ ግን ወደ ማድ ቤት ጠርታ «ለዶክተር እንዲህ አይባልም» አለችኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ማንም ሳያመሰግናቸው፣ በር ከፍተው «ፕሬጎ» የሚሉት ለምንድን ነው?

መልስ (ሚላኖ የኖረ)፦
እህቴ፣ የሳቱት ቃሉን ሳይሆን አንቱታውን ነው። «ፊጉራቲ» ቃል በቃል ሲፈታ «እስቲ አስበው» እንደ ማለት ሲሆን፣ «ይህ ደግሞ ምስጋና የሚያሻው ነገር ሆኖ ነው?» የሚል ስሜት አለው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ቲ» ግን «አንተ» ወይም «አንቺ» ለምንለው ሰው ብቻ የምትነገር ናት። ለሐኪሙ «ሲ ፊጉሪ» ማለት ነበረብዎት። እኛ ስናከብር ግሡን ወደ ብዙ ቁጥር እንደምንወስደው ሁሉ፣ ጣሊያኖች ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ «ሌይ» ማለትም «እሷ» በሚለው ቃል እየጠሩ በሦስተኛ መደብ ያናግሩታል፤ መጀመሪያ ላይ እኔንም ግራ አጋብቶኝ ነበር። በዚሁ ሥርዓት «አመሰግንሃለሁ» «ቲ ሪንግራትስዮ»፣ «አመሰግንዎታለሁ» ደግሞ «ላ ሪንግራትስዮ» ይሆናል።

መልስ (ከሮም)፦
ሲጨንቅዎት «ፕሬጎ» ይበሉ፤ አንተም አንቱም የለበትም። ሥሩ «መለመን፣ መጸለይ» የሚል ግሥ ስለሆነ ብዙ ቦታ ይገባል፦ በር ላይ «ይግቡ»፣ ወንበር ሲያሳዩ «ይቀመጡ»፣ ሱቅ ውስጥ «ምን ልታዘዝ» ማለት ሲሆን፣ በጥያቄ ድምፅ ሲነገር ደግሞ «ምን አሉኝ?» ይሆናል። እኔ የምመርጠው ግን «ቺ ማንከሬቤ»ን ነው፤ «ይህንንማ ባላደርግ ምን ሰው እባላለሁ» የማለት ያህል ስለሆነ ከ«ፕሬጎ» ይልቅ ሞቅ ያለ ነው፣ ለትልቅም ለትንሽም ቢነገር አያስነውርም። ሐኪሙን ሲሸኙ «ቻው» እንዳይሏቸው፤ አገር ቤት ማንንም የምንሰናበትበት ይህ ቃል እዚህ ሲገናኙም ሲለያዩም ይባላል፣ የሚባለው ግን ለቅርብ ሰው ነው። ለእርሳቸው «አሪቬደርላ» ይሻላል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅቷንስ ምን ልበላት? እኩያዬ ናት፣ እኔንም «ቱ» (አንቺ) እያለች ነው የምታናግረኝ።

መልስ (ሚላኖ የኖረ)፦
አንቺ እንባባል ብላ እስክትጋብዝዎ ድረስ «ሌይ» ይበሏት።

መልስ (ከሮም)፦
በዚህ እንኳ አልስማማም። እሷ «ቱ» ማለት ከጀመረች፣ አንድ ቀን ቡና ላይ «ፖስያሞ ዳርቺ ዴል ቱ?» ብለው ይጠይቋት፤ «አንቺ መባባል እንችላለን?» ማለት ነው።